አለበልን ያሰቀለው ገብስ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 30 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ባምላኩ
አሰላ

ዛሬ ጧት ከማስተማር ታገድሁ። ወረቀቱን የሰጡኝ ዳይሬክተራችን አቶ ፍሥሐ ናቸው፤ ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የላኩልኝ ጋቢ ደርሶኛል። የዚህ አገር ብርድ እርስዎ እንደሚሉት ነው፤ ያለ ጋቢው አልችለውም ነበር። አልታመምሁም፣ አላለቀስሁምም። ስለዚህ ሳይደነግጡ ያንብቡልኝ፤ ነገሩን ከሥሩ እነግርዎታለሁ።

የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጆችን ድርሰት አስተምራለሁ። ዘንድሮ የያዝነው ትምህርት፣ ጸሐፊ የሚከራከርበትን አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ሰው «የለም፣ እንዲህ አይደለም» ሊለው የሚችል መሆን አለበት። ከሥሩም ደግፈው የሚያቆሙት ማስረጃዎች ያስፈልጉታል። መጽሐፉ ለመለማመጃ የሰጠን ከመቶ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ የተፈጸመ ግድያ ነበር፤ መርዝ ጠጥቶ የሞተ ሀብታም፣ ሚስቱና አሽከሩ። ልጆቹ አዛጉ።

«ወይዘሪት፣» አለ ድረስ፤ ከቅኔ ቤት ወደ እኛ የመጣ ዲያቆን ነው። «በፈረንጅ ሬሳ ምን አደከመን? የራሳችን አለ አይደል?»

«የምን የራሳችን?»

«የሮብ ገበያው ነዋ! የአለበል ነገር።»

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ወደዚህ ስመደብ አሰላ መናኸሪያ ያሉኝን አልረሳሁም፤ «የአባቴን ስም እዚያ አታንሺ። ቢያነሱትም እንዳልሰማሽ ሁኚ» ነበር ያሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁልዎ። ያን ቀን ግን ክፍሉ በሙሉ ያየኝ ነበር። ዘወር አልሁና በሰሌዳው ላይ «አለበል» ብዬ ጻፍሁ።

ልጆቹ በየቤታቸው ሽማግሌ ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝሁ። ያመጡት እርስዎ ከሚያውቁት ብዙ አይርቅም። ጣልያን ከመምጣቱ ዓመታት በፊት፣ በኅዳር፣ እንዳላማው የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ከሮብ ገበያ ወደ ይጁቤ ሲሄድ ወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ። አገሩ በሙሉ ለአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ገዳዩ ካልተጠራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አውቃለሁ የሚል ሰው በራሱ ስም አይናገርም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሯቸው ያንሾካሹካል። በሳምንቱ ወፏ አለበልን ጠራች። ተፈረደበት፣ ተሰቀለ።

ከዚያ ዓረፍተ ነገር አጻጻፉ መጣ። ድረስ ሰማይና ምድር ከተፈጠሩበት ተነሥቶ ሙሉ ገጽ ጻፈ፤ አለበል ገና አልተወለደም። «ዲያቆን፣ ከወንዙ ጀምርልኝ» አልሁት። አንሙት ደግሞ «አለበል ገድሏል ይባላል» ብሎ አመጣ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰዉ።»

«የትኛው ሰው?»

ራሱን አከከ። «እንግዲህ... ወፏ ናታ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ «ይባላል» የሚለውን ቃል ከለከልሁ።

በመጨረሻ የሮብ ገበያዋ ልጅ አለሚቱ ተነሥታ አነበበች፦ «አለበልን ያሰቀለው ማስረጃ ሳይሆን የደረሰ ገብስ ነው።» ከሥሩ ሦስት ነገር አስቀምጣለች። ሰዉ ሜዳ ላይ ታግዶ የሰነበተው ገብሱ ደርሶ ሳለ ነው። በዚያ ደብር ወንድምም አማችም ያልነበረው አለበል ብቻ ነው። ስሙ በተጠራ ዕለት ከሰዓት በኋላ አገሩ በሙሉ አጨዳ ገብቷል።

ማንም አልሳቀም። እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆየሁ።

ማስረጃ ሳይመረመር ማርክ አልሰጥምና ቅዳሜ ከአለሚቱ ጋር ወደ አያቷ ወደ እማሆይ ወለተ ሰንበት ዘንድ ሄድሁ። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ ሜዳው ላይ ለታገደው ባላቸው ስንቅ ያመላልሱ ነበር።

«ደመና መጣ ልጄ፣» አሉኝ። «በረዶ ቢመታው ልጆቻችን ምን ይበላሉ? ሌላውን ቢጠሩት ዘመዱ ደም ይመልሳል። እሱ ከደጀን በኩል የመጣ ብቸኛ ነበር።»

«ታዲያ ነጋዴውን ማን ገደለው?» አለች አለሚቱ።

«እኔ ምን አውቄ! ያኔም አላወቅንም። ገብሱ ግን ገባ።» ቀጠሉ፦ «የአለበል ሚስት ልጇን እየጎተተች ከአገር ስትወጣ ከመንገድ ጠብቄ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ በእጁ ሰጠሁት። ባምላኩ ነበር ስሙ። ቀና ብሎም አላየኝ። ይሄኔ ሞቷል።»

የማርመው ወረቀት አለኝ ብዬ ተነሣሁ። አባባ፣ ያን ቆሎ ያስታውሱታል?

እኔ በየጊዜው ከሁሉ የበለጠውን ድርሰት በክፍሉ ግድግዳ እለጥፋለሁ። የአለሚቱን ለጠፍሁ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከተማውን ዞረ፤ ዓርብ ዕለት የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጠራኝ። ከኮሚቴው የተናገሩት ግራዝማች ቢያዝን ናቸው። አባታቸው ያን አውጫጭኝ ከመሩት ሽማግሎች አንዱ ነበሩ።

«አባቴ የዳኘውን ነገር ሕፃናት ይመርምሩት?»

«ግራዝማች፣ ልጆቹ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው የተማሩት።»

«እንግዲያው እኔም አንድ ልስጥሽ። አለበል ገደለ። አለቀ።»

«ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ደግፈው የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ያምጡልኝና ሙሉ ማርክ እሰጥዎታለሁ።»

አቶ ፍሥሐ ሳል አነቃቸው። ግራዝማች ግን አልሳቁም። በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱና፣ «ለመሆኑ አንቺን ምን አገባሽ? የአሰላ ሰው ነሽ። አለበል ያንቺ ምንሽ ነው?» አሉኝ።

ዝም አልሁ። ስለ እርስዎ ስል ዝም አልሁ። ከዚያ ክፍል እንደዚያ አጎንብሼ መውጣቴ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

የሰጡኝ ምርጫ ይህ ነው፦ ባንዲራ ሲሰቀል በተማሪው ሁሉ ፊት ቆሜ የተጻፈልኝን ይቅርታ ካነበብሁ፣ የአለሚቱንም ወረቀት በእጄ ከቀደድሁ እመለሳለሁ። ካልሆነ እሰናበታለሁ። አቶ ፍሥሐ ለብቻዬ ጠርተው፣ «ወይዘሪት፣ ስለ ፈረንጁ መርዝ ብታስተምሪ ማን ይከስሽ ነበር?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ለመከሰስ የማያበቃ ዓረፍተ ነገርማ መቼ አቋም ሆነ?» አልኋቸው። ይቅርታውን አላነብም። ወረቀቱንም አልቀድም፤ የልጅቱ ነው።

በእኔ ምትክ ዛሬ የገባው መምህር ልጆቹን «ስለ ውኃ ጥቅም አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ብሏቸው ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ጻፉ፦ «ውኃ ይጠቅማል ይባላል፤ ወፍ ነገረችን።» ድረስ ቤቴ መጥቶ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል። ለድረስ ምን ይመልሱለት ነበር፣ አባባ? እኔ «ነገም ጻፉት» አልሁት።

እርስዎ ስሙን የደበቁት እኔን ሰው ለማድረግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህም እግርዎን እስማለሁ። ነገር ግን አሁን እነዚህ ልጆች የአለበል ዘመድ ሳይሆኑ፣ ምንም ሳያገባቸው፣ አባትዎን ከእንጨቱ አውርደውታል። እነሱ ድርሰታቸውን በስማቸው ፈርመው ሳለ እኔ ወፍ ሆኜ አልቀመጥም። ግራዝማች «አለበል ምንሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሲደግሙት እመልስላቸዋለሁ። ይህን ፈቃድ እየጠየቅሁዎ አይደለም፤ እንዲያውቁት ነው።

ከአዲስ አበባ ጧት የሚነሣው አውቶቡስ ደጀን ላይ ለምሳ ቆሞ ከሰዓት በኋላ እዚህ ይገባል። የተከራየሁት ቤት ሁለት መደብ አለው። እማሆይ ወለተ ሰንበትም አሁን ድረስ ከአፋቸው ቀልድ፣ ከቤታቸው ቆሎ አይጠፋም። እንዲያው ነው የምነግርዎ።

ጤናዎን እመቤታችን ትጠብቅልኝ። ምርቃትዎ ከሩቅም ቢሆን ይድረሰኝ።

ኮሚቴው የሚወስነው ሰኞ ኅዳር 14 ቀን፣ ከጧቱ በአራት ሰዓት ነው።

ልጅዎ
የኔዓለም ባምላኩ አለበል