የጉጉፍቱ ሰዎች ደም

ለተወደዱ አባቴ ለአቶ ተስፋ፤
ጅቡቲ

አባባ፣ የጌታችን ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ከረሙ? የወደቡ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎ ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም።

እስካሁን ያልጻፍኩት ረስቼዎ አይደለም። በጥቅምት ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪዎች ከደሴ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሲፈልጉ እኔን መረጡኝ። የሚያጠኑት ሰውነት የደጋን ስስ አየር እንዴት እንደሚለምድ ነው። የኮምቦልቻንና የደሴን ሰው ደም ወስደን ስንጨርስ፣ ለሦስት ሳምንት ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ወጣን።

በመጀመሪያው ቀን አቀበቱ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ራሴን ፈለጠኝ። ይባስ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተሰበሰቡት ገበሬዎች ደም አንሰጥም አሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ አምባዬ፣ ደማችንን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉበት ነው ብለው ቢጠይቁ፣ የቡድናችን መሪ ለማንም በማይገባ የሐኪም ቋንቋ መለሱላቸው። ሰዉ መበተን ጀመረ። የወራት ዝግጅታችን ገደል ሊገባ ሆነ።

እኔ ደግሞ፣ ከማን እንደወረስኩት እርስዎ ያውቃሉ፣ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ተነስቼ፣ አባቶቼ እዩኝ አልኳቸው፤ እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ባዶ እጄን ወጥቼ አለከልካለሁ፣ እናንተ ሸክም ይዛችሁ ወጥታችሁ እያወራችሁ ነው። አየር ሲያንስ ኩላሊታችን ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ በደም ውስጥ ይልካል፤ መልእክተኛውም የአጥንታችን መቅኒ ዘንድ ደርሶ ደም ጨምር ይለዋል። የእኔ ሰውነት ይህን ገና ዛሬ መጀመሩ ነው። ከአያት ከቅድመ አያት እዚህ የኖረው የእናንተ ግን ምን መላ እንዳገኘ እናንተን ሳንጠይቅ አናውቅም አልኳቸው። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ ከሁሉ በፊት የራሴን ደም አስቀዳሁ።

ቄስ አምባዬ አዩኝና፣ «የራሷን ሳትሰስት የሰጠች ልጅ አታታልለንም» ብለው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። በሦስት ቀን ሰማንያ ሰው ተሰለፈ።

ውጤቱ ሐኪሞቹን ሳይቀር አስደነቀ። የእኔ ሆርሞን በሁለተኛው ቀን ከፍ ብሎ፣ በሦስተኛው ሳምንት ደሜ ወፈር አለ። የእነሱ ደም ግን ከኮምቦልቻ ሰው ደም ብዙም አይለይም። ደማቸውን ሳያወፍሩ በሌላ መንገድ ከአየሩ ጋር ተስማምተዋል፤ በምን እንደሆነ ገና ይጠናል።

ቃል ገብቼ ነበርና ባለፈው ሳምንት ውጤቱን ልነግራቸው ተመልሼ ወጣሁ። ቄስ አምባዬ ሰምተው ሲያበቁ ይህን ያስተማረሽ ማነው አሉኝ። ዘመድ ሁሉ አስረኛ ክፍል ይበቃታል ሲል አይበቃትም ብለው ብቻቸውን የተከራከሩ አባት አሉኝ፣ ዛሬ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራሉ አልኳቸው።

«እኒያን አባት ስለ እኔ እጅ ንሺልኝ» አሉ። ይኸው አደረስኩ።

የጥናቱን ሪፖርት አንድ ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። የመጨረሻው መስመር ላይ ይመልከቱ፤ ወንጌላዊት ተስፋ ይላል። ከእነዚያ ሁሉ ሐኪሞች ጋር የእርስዎም ስም ተጽፏል። እማማ ያለምወርቅ ይህን ስታይ በጣቷ እየዳሰሰች አለቀሰች።

እሷም፣ ታናናሾቼ ያዕቆብና ሶፊም ከኮምቦልቻ ሰላም ብለውዎታል። አብረውዎት የሚኖሩትን ጋሽ ሀምዱንና ጋሽ ዘይኑልአቢዲንን ሰላም በሉልኝ፤ ወረቀቱንም ያሳዩአቸው።

ልጅዎ ወንጌላዊት
ደሴ፣ ሆጤ
ሰኔ 9 ቀን 1997 ዓ.ም.