የአያታችን ሱቅና የአባባ ጀለቢያ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓብዱልላጢፍ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ባምባሲን ተሻግሮ አዳማ ድረስ ጤናህን ይጠይቅልኝ። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

የገበያው መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ አሮጌዎቹ ቤቶች ሁሉ ቀይ ምልክት ተቀብተው፣ ሒና እንደተቀባች ሙሽራ ቆመዋል። የባቢከር ፀጉር ቤትም ይፈርሳል፤ ያንተን ጆሮ የሸረፈበት ታሪካዊ ስፍራ! አያታችን የሠራው ሱቅም ቀለሙ ደርሶታል። አባባ ግን በየጠዋቱ ጀለቢያውን አጥቦ ምልክቱ ላይ ይሰቅላል። መሐንዲሱ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ምልክቱን የት አደረጉት?» ቢለው፣ «ልብሴ እስኪደርቅ ጠብቅ» አለው። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል፤ መቼ ሊደርቅ!

ሰሞኑን አልጋውን ወደ ሱቁ አስገብቷል። «ነፋሻ ነው» ይላል፤ በሩን ግን ከውስጥ ይቀረቅራል። ዶዘሩ ትናንት ባምባሲ ደርሷል፤ ነገ ከነገ ወዲያ እኛ ጋ ነው አሉ። ከልጅነትህ ማሽን ማየት ስለምትወድ ነው የነገርኩህ።

ማንጎው ሳያልቅ ብቅ ብትል ደስ ይለናል። የሱቁን በር ስታንኳኳ ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር፤ ለእኔ መክፈት ትቷል።

የእናታችን ዱዓ በሄድክበት ይከተልህ።

እህትህ ዓፊያ፣ ከአሶሳ