ከልጄ መኝታ አጠገብ ስለተቀመጡት ሠላሳ ሁለት ጆንያዎች

ለተከበሩ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሳልና የዓይን ማቃጠል ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ይርቅ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ቤት ስላለ ክፋቱን አውቀዋለሁ።

እኔ መምህርት ስርጉት አሳምነው፣ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ ክልላችን አዲስ ስለሆነ መጋዘን እስኪሠራ ለሁለት ሳምንት ብቻ ተብዬ፣ ከምኖርበት የመንግሥት ቤት አንዱን ክፍል ለሠላሳ ሁለት ጆንያ የምስጥ መድኃኒት ለቅቄ በተረካቢነት ፈርሜያለሁ። ያኔ ልጄ ሐኒ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ዛሬ አሥራ አንድ ወሯ ነው፤ በዳዴ ስትሄድ እኔ በሩጫ አልደርስባትም። ሁለቱ ሳምንት ግን ገና አላለቀም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የክፍሉን በር ከታች ምስጥ በልቶታል። የምስጥ መድኃኒት በሞላበት ክፍል በር ላይ ምስጥ እንዲህ በሰላም መኖሩ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድም ጆንያ እንዳልተከፈተ ጥሩ ማስረጃ ነው። በተበላው በኩል ድመት ታልፋለች፤ ሐኒም ታልፋለች። በጣውላ ልድፈነው ብዬ ባመለክት፣ በመንግሥት ቤት ላይ ሚስማር መምታት ክልክል መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በመጋቢት ወር ሐኒ የአንዱን ጆንያ ጫፍ ስትጠባ ደርሼ ከአፏ ነጠቅኩ። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳት ዋለ። ይህንኑ ሪፖርት ባደርግ፣ የጆንያው ስፌት በመላላቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ስለ ልጅቱ ምንም አለመጻፍዎ፣ የማይመለከትዎ ነገር ውስጥ እንደማይገቡ ያሳያል።

3ኛ. ባለቤቴ ዳምጠው የሚሠራው ወንበራ ወረዳ ነው። ወደዚያ እንድዛወር ከተፈቀደልኝ አራት ወር ሆነ፤ ነገር ግን ጆንያዎቹን ሳላስረክብ ክሊራንስ አይሰጠኝም፣ የሚረከበኝ ሰውም አልተመደበም። እኔ ጆንያዎቹን ልጠብቅ ጆንያዎቹ እኔን ይጠብቁ፣ መለየት አቅቶኛል።

ትምህርት ቤት ስውል ጎረቤቴ ኢንዓም ሐኒን አዝላ ትውልልኛለች። ቤት ገብቼ ወጥ ስሠራ ግን ልጄን ወገቧን በነጠላ ከአልጋው እግር ጋር አስራታለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ማሰሩ ደግሞ የበለጠ ያሳፍራል። ኢንዓም ይህን አይታ «መንግሥት ልጅ የለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎን ወክዬ መመለስ ስለማልችል ጥያቄዋን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

ስለሆነም ሐኒ ዳምጠው በንብረት መዝገብ ሠላሳ ሦስተኛ ሆና እንድትመዘገብልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ያን ጊዜ ብትጎዳ ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

የጆንያዎችዎ ታማኝ ጠባቂ፣ ጊዜ በተረፋት መጠንም የአንዲት ልጅ እናት፣

ስርጉት አሳምነው

ማስታወሻ፦ ጆንያዎቹ ወደ እርስዎ ግቢ እንዲወሰዱ ላቀረብኩት ማመልከቻ መልስዎ ትናንት ደረሰኝ። ሽታው የሠራተኞችን ጤና ስለሚጎዳ እንደማይቻል ገልጸዋል። ቢሮዎ ይህን ያህል ንጹሕ አየር እንዳለው በማወቄ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሐኒን እዚያው አመጣታለሁ። ነጠላዋን ይዛ ትመጣለች፤ የጠረጴዛዎ እግር ጠንካራ መሆኑን ስመላለስ አይቻለሁ።