በተወካይ የተከተበ ቤት

ይድረስ ለወንድሜ ለሠረቀብርሃን፤ ሰላምታዬ በሐዋሳ ሙቀት ሳይቀልጥ ይድረስህ። እኛ አንኮበሮች፣ ክብሩ ይስፋ፣ ከነብርዳችን አለን።

እድራችን ለኮሮና ክትባት፣ ልክ እንደ ቀብር፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ብሎ ወሰነ። ከእኛ ቤት እኔ ወጣሁ። ዳኛው ጋሽ ወልደኪዳንም "የእነወለተሐና ቤት ተከትቧል" ብለው በክብር መዘገቡ። እማዬ በእኔ ክንድ ተከተበች ማለት ነው!

እድሩ ሲሰበሰብ ብድግ አልኩ። "ጋሼ፣ ቫይረሱ ተወካይ አይቶ የሚመለስ የእድር አባል ነው እንዴ?"

"ቁጭ በይ፣ ምላሳም! ትቀጫለሽ!"

"ይቅጡኝ! የከተበችኝ ነርስ እንዳለችው፣ የበሽታው መተላለፊያ የሚጠበው የተከተበ ሰው ሲበዛ ነው።"

በማግስቱ አሥራ አራት ጎረቤት አስከትዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እማዬን ግን ነርሷ "መጀመሪያ ሳሉ ይሻላቸው" ብላ መለሰቻት። ትንሽ ሳል ናት። ቁጭ ብላ ማደር ስለመረጠች ትራስ ጨምሬላታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም አልተቆጣችኝም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ለዚህ ቅዳሜ አድርገው።

ቅጣቴም ተነገረኝ፤ የእድሩን የለቅሶ ድንኳን አጥቤ እንዳሰጣ ነው። አላጥብም! ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል። ይህንንም ለጋሽ ወልደኪዳን በሰው ፊት ነግሬያቸዋለሁ።

እማዬ "ሳሚልኝ" ብላኛለች፤ አገላብጬ ስሜሃለሁ።

እምቢ ባይዋ እህትህ ወለተሐና