አምስተኛዋ አንቺ ነበርሽ

እማዬ፣

ከሄድሽ ሰባት ወር ሆነ። ሰባት ወር ሙሉ ይህን ደብዳቤ በሆዴ ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ ዛሬ ወረቀት ላይ አወጣሁት። ሰው ለሞተች እናቱ ሲጽፍ በናፍቆት ይጀምራል። ናፍቀሽኛል፣ እሱን አልክድም። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ግን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። የምጽፍልሽ ስለተቀየምኩሽ ነው። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ልጠይቅሽ የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ዋናውን የሰማሁት ግን አንቺ ከተቀበርሽ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ፣ አለዚያ ቅር ይልሻል። የሐለኮ ዛፍሽ፣ ሌላው ሽፈራው የሚለው፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስላስቸገረ አስቆረጥኩት፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው መልሶ አቆጠቆጠ። ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጪበትን ቦታ ከገረሴ የመጣች ልጅ ይዛዋለች። ደህና ልጅ ናት፤ ባለፍኩ ቁጥር ሁለት ሦስት ፍሬ ካልጨመርኩልሽ ትለኛለች፣ ስላንቺ ነው። በርጩማሽ እዚያው ሳሎን ከበሩ ጀርባ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም ነበር። ሶስና ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷ እኔን ሊያክል ምንም አልቀረው። አባቷ ያው እንደምታውቂው ነው፣ ባጃጁንና ኳሱን። እኔም ያው ሴቻ ሆቴሉ ወጥ ቤት ነኝ፤ ሽንኩርት ስከትፍ ውዬ፣ ሽንኩርት ሸትቼ እገባለሁ።

ነገሬም የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው።

አስረኛ ክፍል ሳለሁ በአንድ ለአምስት ሲያደራጁን ታስታውሻለሽ። የእኛ መሪ ቤተልሔም ነበረች፣ አባቷ ቢሮ የሚሠሩት የሴቻዋ ልጅ። ተስፋዬ ከገረሴ ወርዶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማር ነበር። ሁለቱ መንትዮች የእኛው ሰፈር ልጆች ናቸው። አምስተኛዋ እኔ። የጂኦግራፊ መምህራችን የሰጠን ርዕስ አባያ ለምን ቀይ ሆነ፣ ጫሞስ ጎኑ እያለ ለምን እንደሱ አልቀላም የሚል ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የተገናኘነው ቤተልሔም ቤት ነው። ያን ቅዳሜ አንቺ አታውቂውም፤ እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወለሉ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተን፣ በሆዴ ተኝቼ የሁለቱን ሐይቆች ካርታ ሳልኩ። በመሃላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ የሚሉትን ኮረብታ በአረንጓዴ ማርከር ቀባሁት። ማንም አልጠራኝም። እናትየው አንድ ጊዜ ገብተው ሻይ በዳቦ አስቀምጠው ወጡ፤ እንዳይረብሹን በሩንም ዘጉት። እንግዳ መሆን እንዴት ደስ ይላል እማዬ። ማሰብ ብቻ ሥራዬ ሆኖ የዋልኩበት ቀን ያ ነው።

ቤት ገብቼ ስነግርሽ አንቺ የሰማሽው ሻዩን ብቻ ነው። «ሻይ በዳቦ? ሰው ልጅ ጠርቶ፣ ምሳ ሰዓት አሳልፎ?» ብለሽ እጅሽን አጨበጨብሽ። ከዚያ ወዲያ ወደኛ ይምጡ አልሽ። ድሃ ብንሆን እንግዳ አብልተን መሸኘት አያቅተንም አልሽ። ቃልሽ ቃል ነውና መጡ፤ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መጡ።

የእኔን ቅዳሜ ልንገርሽ እንግዲህ። ደብተር ገና ሲዘረጋ «መሠረት» ትያለሽ። እነሳለሁ። የሐለኮውን ቅጠል ከዘንጉ መልቀም፣ ከቅጠሉ ጋር ለሚቀቀለው ኩርኩፋ የበቆሎ ዱቄት ማቡካት፣ የዳጣውን ቃሪያ ድንጋይ ላይ መፍጨት። ፈጭቼ ሳሳይሽ በጣትሽ ነካ አድርገሽ «አልላመም፣ ድገሚው» ትይኛለሽ። እደግመዋለሁ። ማድ ቤቱ ጓሮ ነው፤ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይሰማኝም። ሲስቁ ብቻ ይገባኛል። አንቺ ሳሎን ገብተሽ በርጩማሽ ላይ ትቀመጫለሽ፤ ወንዶቹን በዓይንሽ ልትጠብቂ መስሎኝ ነበር። ቤተልሔምን በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛሽ «ና ልጄ፣ ብላ» እያልሽ ወንድ ስታደርጊያት እነሱም አንቺም ትስቃላችሁ። እኔ ትሪ ይዤ ስገባ ሥራው አልቆ፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ እጅ ታጥቦ ይጠብቀኛል። ስሜ ግን ሽፋኑ ላይ፣ አምስተኛው ተራ ላይ አለ። ስም በማስገባት በኩል ማንም አልበደለኝም።

መምህሩ ግን ስም ማስገባት ምን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከየቡድኑ አንድ ሰው በዕጣ እያወጣ ያስቀርባል። የእኛ ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ። ወጥቼ ካርታውን አሳየሁ፤ ራሴ የሳልኩት ስለሆነ እሱ አላቃተኝም። ከዚያ ጠየቀኝ፤ ቀዩ አፈር ከየት መጣ፣ ለምንስ ታች አይዘቅጥም አለኝ። ካርታውን መልሼ አሳየሁት። እንደገና ጠየቀኝ። ክፍሉ ሙሉ እያየኝ አላውቅም አልኩ። ለቡድኑ በሙሉ ግማሽ ማርክ ሰጠን። ውጪ ቤተልሔም ክንዴን ይዛ «እኛ ስንሠራ አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ስንት ቅዳሜ የእጄን የበላች ልጅ ናት ይህን የምትለኝ። ግን ምን ብዬ ልመልስ፣ ጥያቄዋ ልክ ነበር።

እያለቀስኩ መጥቼ ነገርኩሽ። አንቺ የበሰለውን ሙዝ ካልበሰለው እየለየሽ ነበር፤ ቀና እንኳ አላልሽም። «ይሄን አጣሽው? የኛ አፈር ነው እኮ» አልሽ። ልጅ ሳለሽ አገርሽ ኦቾሎ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ስታዩ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሐይቁ ወንዞቹ ከሚገቡበት ጀምሮ ሲቀላ ይታያችሁ እንደነበር ነገርሽኝ። አፈሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ አይተኛም፣ ነፋሱም እያነሳ ያምሰዋል አልሽ። መምህሩ የፈለገው መልስ እሱ ነው፣ አንድ ሳይቀር። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናትየው ሙዝ እየለየች ትመልሳለች። ሁለት ሳምንት አላናገርኩሽም። አንቺም ለጎረቤት ኮረዳ ሆናለች፣ ያልፍላታል አልሽ።

ማትሪክ ስንፈተን አራቱ አለፉ፣ እኔ ወደቅሁ። ሁሉንም ባንቺ አላላክክም፤ የተፈተንኩት እኔ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ሲመድቡኝ ደግሞ ምን ላይ ጣሉኝ? ምግብ ዝግጅት። አንቺ ማድ ቤት ስትልኪኝ ከመንግሥት ጋር ተማክራችሁ ነበር እንዴ ብዬ ሳቅኩ። አንቺ እውነትሽን ደስ አለሽ፣ ሙያ ያላት ሴት አትራብም ብለሽ መረቅሽኝ።

ይህን ሁሉ ትቼልሽ ነበር እማዬ። እንግዳ ማክበር ነው ያደግሽበት፣ ልትጎጂኝ አስበሽ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ አሥራ ምናምን ዓመት ኖርኩ። እስከ ለቅሶሽ ድረስ።

ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ በገባ ቁጥር እግሬ ሊነሳ ይላል። የእድር ሴቶች ትከሻዬን ይዘው «ዛሬ እንኳ ቁጭ በይ» አሉኝ። ቤታችን ሰው ሞልቶ እኔ ቁጭ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ተስፋዬ ከሐዋሳ መጣ፤ ዛሬ የውሃ መሐንዲስ ነው። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ልናገር ብሎ ተነሳ። እኚህ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸውን ወጥ ቤት ልከው ከጎኔ ይቀመጡ ነበር አለ። ደብተሬ ጀርባ ላይ ፊደል አስቆጠርኳቸው፣ ስማቸውን እስኪጽፉ ድረስ አለ። ልጄ እንዳትሰማ፣ አፍራለሁ ይሉን ነበር አለ። የአባያን ጥያቄ የመለሱልን እሳቸው ናቸው፣ የቡድናችን አምስተኛ አባል እሳቸው ነበሩ ብሎ ጨረሰ። ሰው አለቀሰ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅ አለ። ተስፋዬ ደግ ነገር መናገሩ ነበር፣ አልፈርድበትም። የእኔ እንባ ግን እዚያው ደረቀ።

ለካ ዳጣው ልሞ ነበር። ስንት ቅዳሜ «ድገሚው» ያልሽኝ፣ ልሞ ነበር።

እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ፊደል አላስቆጥርሽም ነበር? መጽሐፍ ቅዱስሽን በየማታው የማነብልሽ እኔ አልነበርኩም? ልጅ ፊት ማፈር ይህን ያህል ከበደሽ? ቤተ ክርስቲያን የማርታና የማርያም ታሪክ በተነበበ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ማርታ እኮ ወጥ ቤት የገባችው ፈልጋ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ማድ ቤት መሆን ነበረብን፤ አንቺ እኔን መረጥሽ።

የምትይውን አውቃለሁ። ኦቾሎ ወንድሞችሽ ደብተር ይዘው ሲወጡ አንቺ ለአባትሽ ሽመና ጥጥ ስትፈትዪ ቀረሽ። አንቺንም መርጦ ያስቀረሽ ሰው ነበር። አርባ ዓመት ጠብቀሽ ተማሪ በገዛ እግሩ ቤትሽ ሲመጣ ተቀምጠሽ መስማት አማረሽ። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ሲገባኝ ንዴቴ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፣ አልቀነሰም። እንዲያውም ባሰበት፤ ምክንያቱም ሕመሙን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነበርሽ።

አሁን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝን ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ የሶስና ቡድን ቤታችን መጣ። አምስት ናቸው። ወረቀታቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ። እኔ ማድ ቤት ወጥ ጥጄ፣ ሽንኩርት ስላነሰኝ አፌን ከፍቼ «ሶስና፣ ነይ እስቲ!» አልኩ። ድምፁ የኔ አልነበረም፣ ያንቺ ነበር። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ ላይ ማርከር አለ፣ አረንጓዴ። ፊቷ ላይ ምንም ቅሬታ የለም። የኔም ፊት እንዲያ ነበር ማለት ነው፣ ለዚህ ይሆናል ያላየሽው።

ተመለሺ አልኳት። ምን ፈለግሽ እማ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ምንም፣ ግቢና ሥራሽን ሥሪ ብዬ ጮህኩባት፤ አልቅሳም ገባች። ላባብላት ተከትያት ገባሁ። እንደገባሁ እነሱ ስለ ጎርፍና ስለ እርከን ይከራከራሉ፤ አንዱ ልጅ የጨንቻ እርከን አፈሩን የሚይዘው ድንጋዩ ነው ይላል፣ ሶስና እንባዋን እየጠረገች የለም ሣሩም ነው ትላለች። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ። በርጩማሽ ላይ ነው የተቀመጥኩት። አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፣ ሶስና ወረቀቱን ወደኔ አዙራ አስረዳችኝ፣ ጥሩ አድርጋ። ሌላም ጠየቅኩ።

ወጡ አረረ። ሽታው ሳሎን ድረስ መጣ። ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ፣ ሶስናም ልትነሳ አለች፤ ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። እኔም አልተነሳሁም። ምሳቸው ዳቦ በሙዝ ሆነ። ሶስና እስክትሸኛቸው በሃፍረት መሬት መሬት ስታይ ነበር፤ ሰኞ ምን ይሉኛል አለችኝ። ይበሉ አልኳት። የሆቴል ወጥ ሠሪ ቤት ሄደን ዳቦ በሙዝ አበላችን ይበሉ።

ስለዚህ አሁን አውቃለሁ እማዬ። በርጩማው እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። ለምን ተቀመጥሽ ብዬ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ወጡ ይረር ማለት እንዴት አቃተሽ? አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ እኔም አንቺም እዚያ ወለል ላይ ሆነን፣ ይረር ብትይ?

ያ የቡድን ሥራ ወረቀት የት እንደደረሰ አላውቅም። ባገኘው አምስተኛው ተራ ላይ ያለውን ስሜን ሰርዤ ያንቺን እጽፍበታለሁ። ስለምወድሽ አይደለም፣ እውነቱ እሱ ስለሆነ ነው።

እንዳትረሺኝ ትይኝ ነበር በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ እጄን ይዘሽ። አታስቢ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ልጅሽ መሠረት