የድልድዩ ጠባቂ የወደቀበት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ከሱቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ታናሼ፣ የኔ ሆድ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ተናድጄብህ ስለሆነ የምጽፈው ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አስተላልፌዋለሁ። በስልክ ያልደወልኩልህም አውቄ ነው። በስልክ ትስቃለህ፤ ስትስቅ ደግሞ የያዝኩትን ነገር ሁሉ ታስረሳኛለህ። ወረቀት ላይ አትስቅብኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌያለሁ። ከመጠየቄ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ምክንያቱም የትኛውን እንደምታውቅና የትኛውን እንደማታውቅ መለየት አቅቶኛል።

የላክኸው ታሪክ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ እንደ ሁልጊዜው በሱቁ አድራሻ ደረሰኝ። እንደ ሁልጊዜውም ከመነጽር ፍሬም ካርቶኖቹ ሥር ደበቅኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስደብቅ መኖሬን አትርሳ። አባዬ የቅዳሜ ጨዋታችንን ታሪክ፣ እኔ አንብቤ እያንዳንዱ በካርዱ ላይ የጻፈውን ሰው ሆኖ የሚመልስበትን፣ እኔ የምፈጥረው ይመስላቸዋል። «ይቺ ልጅ ይኼን ሁሉ ከየት ነው የምታመጣው?» እያሉ ለፋርማሲስቷ ሲኮሩብኝ እየሰማሁ አንገቴን ደፍቼ መነጽር እወለውላለሁ። ጻፊው አንተ መሆንህን ቢያውቁ ጠረጴዛው ጋ ድርሽ አይሉም። ከሄድክ ስድስት ዓመት ሆነህ፤ እቤት ውስጥ ስምህን የሚያነሳ ሰው የለም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋሁ፣ የሌንስ መሞረጃውን ወደ ግድግዳው ገፋሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፍኩ። ፋርማሲስቷ መጣች፣ ያው ባለ ሰይፏ ተዋጊ ናት። ከፎቅ በታች ያለው ልብስ ሰፊ መጣ፣ ያው ሌባው ነው። አባዬ ከሁሉም ቀድመው ደርሰው ካርዳቸውን ፊታቸው ዘርግተው ነበር፦ የድልድዩ ጠባቂ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊመርጥ ኖሯል? «ትኬት የሌለውን ሰው ገና ከጫማው ነው የምለየው» የሚሉት ነገር አሁንም አልተዋቸውም። በሦስት ዓመት ጨዋታ አንድ ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ያን ድልድይ ተሻግሮ አያውቅም። ሌባውንም ሁለት ጊዜ ከሞት ያተረፉት እሳቸው ናቸው፤ ልብስ ሰፊው እስከዛሬ ሱሪያቸውን በነፃ ነው የሚያሳጥረው።

እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ጉም፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ አንድ መንገደኛ፣ ብቻውን።

«ይለፍህን» አሉ አባዬ።

የመንገደኛውን ቃል ከወረቀትህ ላይ እንዳለ አነበብኩላቸው፦ «እንዳልፍ ፈቃድ አልጠየቅኩዎትም፤ ገለል ይበሉልኝ ነው ያልኩት።»

አባዬ ካርዳቸውን አገላበጡ። ስልት የሚያወጡ መስሎኝ ነበር። ፋርማሲስቷ ሳቀች፣ «ጋሼ፣ ይኼ ደፋር ነው፤ በደንብ ያናግሩት!» አለች። እሳቸው ግን ለሁለተኛ ጊዜ «ይለፍህን» አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

አንተ ከታች በትንሹ የጻፍካትን መስመር አይቻታለሁ፦ ጠባቂው የመንገደኛውን ስም ከጠየቀ ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ አይጣልም፤ መንገደኛው መሣሪያውን አስቀምጦ አጠገቡ ይቀመጣል። እኔም መንገድ ልከፍትላቸው ሞከርኩ። «ሌላ የሚጠይቁት ነገር አለ?» አልኳቸው። «የለም» አሉ። «እርግጠኛ ነዎት አባዬ?» «የለም አልኩሽ! ይለፍህን!» ሦስተኛ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ሕግ ነው፤ ራስህ ነህ ያወጣኸው። ከአሥራ ዘጠኝ በታች ከመጣ ጠባቂው ይወድቃል። አሥራ ዘጠኝ! ከሃያ! አባዬ ጣሉ። አራት። መንገደኛው ገፋቸው፣ የድልድዩ ገመድ ተበጠሰ፣ ጠባቂው ከነመብራቱ ወንዝ ገባ። የሞተ አይነሳም፣ ይኼም ያንተው ሕግ ነው።

ከዚያ ፋርማሲስቷ፣ ክፋት የላትም፣ «ውይ ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ጨዋታ እኮ ነው» ብላ ሳቅ አለች። እሳት ላይ ቤንዚን በለው። አባዬ ቀስ ብለው ተነሡ። ልብስ ሰፊው ደንግጦ «ይደገም! እኔ አላየሁም፣ ጨርቁ ላይ ነው የተንከባለለው፣ አይቆጠርም» አለ።

«ምጽዋት አልለመንኩህም» አሉት። ዳይሱን አንስተው ወደ መብራት ያዙት፣ አገላበጡት። «ይኼ ዳይስ ጤነኛ አይደለም። የሆነ ሰው ነክቶታል።» ኪሳቸው ከተው ወጡ። ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ረስተው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ባታየው ይሻላል። እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው በጥብጠው ዳይሱን እያንሳፈፉ አገኘኋቸው። አንዱ ጎን ከከበደ እየተገለበጠ ያንኑ ፊት ያሳያል አሉኝ። አላሳየም። ሰኞ ትሪ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ጥለው እያንዳንዱን በእርሳስ መዘገቡ። ቤቱ ሁሉ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ምንም አላገኙም፤ ባላገኙ ቁጥር ግን ጥርጣሬያቸው ከዕቃ ወደ ሰው ዞረ። ማክሰኞ ፋርማሲስቷ ናት አሉ፣ «መድኃኒት የምትቀምም ሴት አንድ ፍሬ ዳይስ ማክበድ ያቅታታል?» ረቡዕ ልብስ ሰፊው ሆነ። «ሌባ ነኝ ብሎ በገዛ ካርዱ ላይ የጻፈ ሰው!» ይህን ሲሉ የምር ነበር።

ሊያስቀኝ ይገባ ነበር፤ ግን እህል በአግባቡ አይቀምሱም ነበር። ካርዱን፣ የሞተውን ካርድ፣ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሥራቸውን ጡረታ ወሰደው፣ እማዬን ሞት ወሰዳት፣ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ቅዳሜ ሲጠብቁ ነው የሚኖሩት። ጨዋታ እኮ ነው የሚለውን ቃል አንዴም ከአፌ አላወጣሁም። ይደገም ብዬም አላባበልኳቸውም። ሽንፈቱን ብሰርዝላቸው ሦስቱን ዓመት አብሬ እንደምሰርዝባቸው ገብቶኛል። ሲያወሩ ሰማሁ፣ ዝም ሲሉ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቅ መጡ። አንዲት ሴትዮ የሌንስ ቁጥሯን እያስለካች ነበር፤ አባዬ ጥግ ላይ ቆመው እሷንም በጥርጣሬ ያይዋታል። ስትወጣ በሩን ቆለፍኩና ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ በጣም ያናደደዎት የቱ ነው? መውደቅዎ ነው ወይስ አወዳደቅዎ?»

ዳይሱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዳይሱ ደህና ነው» አሉ። «እሑድ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን...»

«ቃሉን ከየት አመጣሽው?»

«የቱን ቃል?»

«ገለል ይበሉልኝ ያለውን። እሱ ከቤት የወጣ ቀን አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። እናትሽም ያኔ አርፋ ነበር። በሩ ጋ የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እኔ ለማንም አልተናገርኩም።»

ወንድሜ፣ እግዜር ያሳይህ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ያን ዓረፍተ ነገር ታሪኩ የደረሰኝ ዕለት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ቃል ነው ብዬ ከሥሩ አስምሬበታለሁ! አንተ እንዴት እንደወጣህ ለእኔ የነገርከኝ «ተጣላን፣ ሄድኩ» ብለህ ብቻ ነው። እሳቸው በር ላይ እንደቆሙ፣ አንተም እንደዚያ እንዳልካቸው በምን ላውቅ? በገዛ አፌ፣ በሰው ፊት፣ ያንተን ቃል መልሼ ለአባቴ ወረወርኩባቸው።

«ማን ነው የሚጽፍልሽ?» አሉኝ።

ዋሸሁ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። «የፍሬም አቅራቢያችን ናቸው አባዬ፤ ውጭ አገር እንዲህ ዓይነት ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው፣ ከዕቃው ጋር ይልኩልኛል።»

ትኬት የሌለውን ሰው እንዴት እንደሚያዩት ታስታውሳለህ? እንደዚያ አዩኝ። ግን እንደ ድሮው ከባቡሩ አላስወረዱኝም። እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን።»

ከካርቶኑ ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሌላ ምን ላድርግ? መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከታች ያለችው ትንሿ መስመር ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እዚያው ቆየ።

«ስሙን አልጠየቅኩትም» አሉ።

«ለምን አልጠየቁትም አባዬ?»

«የማውቀው መስሎኝ።»

ወረቀቱን አራት አጥፈው ካርዱ ያለበት ኪስ ከተቱት። አልመለሱልኝም።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅህ። ወጥመድ ነው የላክኸው ወይስ ዕርቅ? አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ያስቀመጥከው እንዲወድቁ ፈልገህ አይደለም በለኝ። አይደለም ብትለኝም ወዲያው እንደማላምንህ እወቅ። ያችን መስመር ለምን በትንሹ ጻፍካት? ስሙን እንደማይጠይቁ ታውቅ ነበር አይደል? ወይስ ይጠይቃሉ ብለህ ስድስት ዓመት ስትጠብቅ ነበር? ሌሊቱን ሙሉ አንዴ ልረግምህ አንዴ ላቅፍህ እያልኩ ስገላበጥ ነው የማድረው። ከአሁን በኋላ የላክኸውን እያንዳንዱን መስመር እንደ አባዬ ወደ መብራት ይዤ ነው የማነበው። በእኔ አፍ ደግሞ ሁለተኛ እንዳታናግራቸው። የምትላቸው ነገር ካለህ ራስህ በላቸው።

ያለፈው ቅዳሜ እንዴት ሆነ ብትለኝ፣ መጡ። አይመጡም ብዬ ነበር። ፋርማሲስቷ በር ላይ ተቀብላቸው «ጋሼ፣ ባለፈው መሳቄ ነውር ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እሳቸውም እንደ ጣቢያ ማስታወቂያ ድምፃቸውን አጥርተው፣ «ዳይሱ ተፈትሾ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። አንቺንም ጠርጥሬሽ ነበር፤ አንተንም። አሁን ትቼዋለሁ» አሉ። ልብስ ሰፊው «እኔን ደግሞ ለምን?» ሲል «ሌባ ነሃ!» ብለው መለሱለት፤ ከዚያ ሁላችንም፣ እሳቸውም፣ ሳቅን። ጠባቂውን መልሱልኝ አላሉም። አዲስ ካርድ ጠየቁኝና ሲጽፉ ቆዩ። ጀልባ ቀዛፊ ሆነዋል። ፋርማሲስቷ አንገቷን አስግጋ «ተሳፋሪውን ይለፍ አይጠይቁም?» ስትላቸው «ዝም ብለሽ ተሳፈሪ» አሏት።

እኔ ግን አሁንም እጠረጥራቸዋለሁ። በጣም ጨዋ ሆነዋል። ትናንት የሱቁን ፖስታ ሳጥን ቁልፍ የት እንደማስቀምጥ ጠየቁኝ፣ «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ብለው።

ይኸው፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለ ገቡ። ወረቀቱን በክንዴ ከለልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለፍሬም አቅራቢው አባዬ። ዕቃ ላዝዝ ነው።»

«በእጅ ጽሕፈት? አራት ገጽ?»

እሳቸው መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። «እዚያ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል አሉ» አሉ ወደ ውጭ እያዩ። «ያ አቅራቢሽ ደህና ካፖርት አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፤ አለህ ወይ? እውነቱን ጻፍ፣ እንደ እኔ አትዋሽ። ሳልህስ ለቀቀህ? ምግብህን ቁጭ ብለህ ብላ፤ ቆመህ እንደምትበላ አውቃለሁ። ያንን የገፋሁትን ሰላምታም ተቀበለኝ፦ የሄድክበት ይቅናህ፣ የቆምክበት ይሙቅህ፣ ደግ ሰው አጠገብህ አይጥፋ።

በቃ ልጨርስ። አባዬ አልሄዱም፤ ወንበር ይዘው እየጠበቁኝ ነው። ፖስታ ቤት እኔ አደርስልሻለሁ ብለውኛል። በሸሚዛቸው ኪስ ላይ እስክሪብቶ ሰክተዋል፣ አንድ ባዶ ወረቀትም ይዘዋል። እኔም አድራሻህን ፖስታው ላይ ጥርት አድርጌ፣ ያለ መነጽር እንኳ እንዲነበብ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

የምትናደድብህና የምትወድህ፣
እህትህ