ፋሻውን የሞረደው እጅ

ውድ ግራኙ፣

መኪናችን በዚያ በውድድሩ ዳገት ላይ ከራሷ ድምፅ ቀድማ ጫፍ ደረሰች። እሺ፣ አትሳቅ፤ ከራሷ ጭስ ቀድማ ደረሰች። ጭስ ምንጊዜም ከኋላ ነው ትለኝ ይሆናል። ይሁን። ከሌሎቹ ግን ቀድማለች፣ እሱን በዓይንህ አይተሃል። የምጽፍልህ ግን ስለ ድሉ አይደለም፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ክው አድርጎ ስላስቀረኝ ነገር ነው። ፊደሎቹ ተንጋደው ካየሃቸው መሃይምነት እንዳይመስልህ፣ ድንጋጤ ነው። ትንሽ መሃይምነትም አለበት።

አዎ፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ክላክስ ፊደል ቆጠረ! የማታ ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው አምስት ነን፤ አንዱ ደግሞ መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው የተፈተነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። ስልክ ላይ ጉራዬ ከእኔ ቀድሞ «ሃሎ» ይላል። እጄ ግን ከአፌ ይዘገያል፤ አንዱን ፊደል ጽፌ ሌላውን እስክፈልግ ድረስ ውሸቱ ይሰለቸውና ይሄዳል።

መምህራችን «ደብዳቤ ስትጽፉ እንግዳ ሰው ቢያነበውም ይግባው» ብላናለች። ስለዚህ የምታውቀውን ነገር ብነግርህ አትቆጣ። ፋሻ ስል የቁስል መጠቅለያ አይደለም፤ ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት ነው። ይህ ለእንግዳው ሰው ነው። አንተማ ከእናትህ ሆድ ፋሻ ይዘህ ነው የወጣኸው።

መኪናዋን ስንጀምራት ትዝ ይልሃል? አሮጌ የቤተሰብ መኪና፣ ከኋላ ወንበሯ ስር የብስኩት ፍርፋሪ ያልጠፋላት። ሞተሯ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ማንም ያልነካካው። አንተ ከአሮጌ ብረት ነጋዴው ሱፐርቻርጀር ተሸክመህ መጣህ፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን፣ እኛ «ነፊው» ያልነውን። እህቴ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየችውና፦

«ክላክስ እያለላችሁ ሌላ ነፊ ምን ያደርግላችኋል?» አለች።

አንተ ስትስቅ ነፊውን እግርህ ላይ ልትጥለው ነበር።

እንደ ባለገንዘቦቹ ለውድድር የተሠራ ፒስተን መግዛት አልቻልንም። በእጃችን ባለው አበረታናት። ራዲያተሩን ከተገለበጠ የጭነት መኪና አመጣን። የቴስታውን ብሎኖች፣ የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ በጠንካሮች ለወጥን። ከቴስታው ስር ያለውን ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያውን፣ ወፈር አድርገን የሞተሩን ውስጥ ትንሽ አሰፋንለት። አንተ በየደረጃው አንድ ነገር ነበር የምትለው፦ «መጀመሪያ አላላት፣ ከዚያ ጫናት።» እኔን ይህ አባባል ያሳክከኝ ነበር። ለማበርታት ማላላት! ቀበቶ ሲላላ የሚበረታ ሱሪ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ፋሻው ላይ ደረስን። ቀለበቱ ሙሉ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው፣ በሁለቱ ጫፎች መሃል ጭላንጭል ይቀራል። ጸባችን ጭላንጭሉ ምን ያህል ይሁን ነው።

«ይስፋ» አልክ፣ ሞረዱን በግራ እጅህ ይዘህ። «ነፊው ሲገባ ሙቀቱ ይጨምራል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሲረዝም የት ይግባ?»

«ይጥበበው! እኛ ቤት ሰባት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንኩ?»

«ጩኸት ለመድክ።»

«ክፍተት ማለት ማፍሰሻ ነው፣ ግራኙ። የለፋሁበትን ኃይል በቀዳዳ ላፍስ?»

«ጫፍና ጫፉ ከገጠሙ መሄጃ ያጣል። ፒስተኑ ይሰበራል። ሞተሩ እየበረረ ቀጥ ይላል፣ ክላክስ።»

«ቴስታውን ከቶርኖ ቤት አምጥቼ ስመለስ፣ ከካርቶኑ እንደወጣ ተገጥሞ ላግኘው!» አልኩህ፣ በሩ ላይ ሆኜ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ።

ቶርኖ ቤት፣ ብረት መላጊያው ጋ፣ ወሬ ይዞኝ ቆየሁ። ስመለስ ፒስተኖቹ ሞተሩ ውስጥ ናቸው፣ አንተ እጅህን በጨርቅ ትጠርጋለህ።

«ገባ?»

«ገብቷል።»

እኔ ምን እንደገባ አልጠየቅሁም።

የውድድሩን ቀን ለእንግዳው ሰው ልንገረው። የነዳችው እህቴ ነበረች፤ የእኔ ታናሽ፣ ያንተ ሚስት። ቀን ቀን የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ያን ዕለት ግን ተሳፋሪ የማታሳፍር አውሬ ሆና ነበር። «ክርን» የምንለውን ጥምዝ፣ በአንድ ወገኑ ቋጥኝ በሌላው ወገኑ ባዶ አየር የሆነውን፣ እግሯን ከነዳጁ ሳታነሳ አለፈችው። ነፊው እንደ ተናደደ ንብ እየጮኸ ጫፍ ደረሰች።

እኔ ደግሞ ጎማ ክምር ላይ ወጣሁ። በዝም አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ የዝንብ ጋራዥ ነው።

«ስሙ! ፋሻውን ጥርቅም ያስደረግኩት እኔ ነኝ! ይኼ ግራ እጅ ‹ይስፋ፣ ይስፋ› እያለ ሲያለቅስብኝ ነበር። ፈሪውን ብሰማው ኖሮ ዛሬ ጭስ እንበላ ነበር!»

ሰው ሳቀ። አንተ ጨርቅህን አጣጥፈህ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አኖርክ። እህቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት ክንዷን ነካ አደረግካት፤ ዘጋችው። ያኔ ያፈረች መስሎኝ ነበር። ብዙ ሳትቆዩ ዕቃችሁን ጭናችሁ ሄዳችሁ፤ ለእማዬ «የፓምፕ ፋብሪካ ሥራ ተገኘ» ተባለ። እማዬ ምሳ ስታቀርብልኝ አሁንም «በል እንግዲህ፣ ከሞተርህ ጋር ብላ» ትለኛለች።

ትናንት መኪናዋ ዘይት ማንጠባጠብ ስለጀመረች ሞተሩን ፈታሁት። የመጀመሪያውን ፒስተን አወጣሁ። ፋሻውን አውልቄ ሲሊንደሩ ውስጥ አስቀመጥኩትና ጭላንጭሉን ልለካ ስሱን የመለኪያ ብረት ሰደድኩ። ሾልኮ ገባ። ወፈር ያለውን ሰደድኩ። እሱም ገባ። አልቆ ነው አልኩ። ወደ ብርሃን ይዤው ወጣሁ።

የሞረድ ጭረት ነው። ወደ ግራ ያዘነበለ። ጠርዙ ደግሞ ሲሊንደሩን እንዳይቧጭር በድንጋይ ለስልሷል፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከአንተ ሌላ አላውቅም። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ ያው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ያው፣ ያው። መቀመጫ ፈልጌ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ባልዲው ውሃ ነበረበት፤ አልተነሳሁም።

ክርን ታየኝ። ሞተሩ ቀጥ ሲል፣ ጎማዎቹ ሲታሰሩ፣ በዚያ በባዶው ወገን ማን እንደነበረች ታየኝ። እኔ ስለ ፋሻው ስወስን ያሰብኩት የሚያጨበጭበውን ሰው ነው። አንተ ያሰብከው መሪውን የምትይዘዋን ነው። የገዛ እህቴን፣ ግራኙ! በእናቴ ልጅ ነበር እኮ ጉራዬን የምሞክረው!

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ድንጋጤ ደግሞ ባሰ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፈሪ ስልህ መልሱ አፍህ ውስጥ ነበር። «ሞርጄዋለሁ» አንድ ቃል ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ይህቺን ቃል በማይክራፎን እላት ነበር። አንተ ዋጥካት። እንዴት ዋጥካት? ባልዲው ላይ ሆኜ ደጋግሜ ብጠይቅም አልገባኝም።

የማታ ትምህርት የገባሁ ሰሞን መምህራችን ቃል አስጻፈችን። ወረቀት እንዳይባክን ብዬ ሁሉንም አጣብቄ ጻፍኩት። አየችውና «ይኼ ዓረፍተ ነገር ነው ወይስ ባቡር?» አለችኝ። «በየመሃላቸው ቦታ ተውላቸው፤ ከታፈጉ አይነበቡም።» ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ትናንት ግን ያቺ ሴት ፋሻ የት አይታ ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። ይኸው በዚህ ደብዳቤ በየቃሉ መሃል ቦታ ትቻለሁ። ካነበብከው እሷ ጎበዝ ናት፤ ካላነበብከው ብዕሩ ነው።

አሁን ሞተሩ ተበታትኖ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ንጹሕ አንሶላ አልብሼዋለሁ። እማዬ አንሶላዋን እየፈለገች ነው። አዲስ ፋሻ ገዝቻለሁ፣ ካርቶኑን አልከፈትኩም። ሞረድህ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ እኔ አልነካውም፣ በቀኜ ነው የምሞርደውና ጭረቱ ያስታውቃል። የዳገቱ ውድድር ደግሞ እየመጣ ነው። አንተ ካልመጣህ አልገጥመውም፤ እንደተፈታ ይቀራል። ከመጣህ ግን የምታሰፋውን ያህል አስፋው፤ በሩ ላይ ቆሜ አልጮህም። እህቴም ትምጣ፤ ልትናገር ጀምራ የተወችውን ትጨርስብኝ፣ ቆሜ እሰማለሁ።

አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። መጣህም ቀረህም፣ በውድድሩ ቀን ያኔ የወጣሁበት ጎማ ክምር ላይ እወጣለሁ። ፋሻውን ማን እንደሞረደው፣ ፈሪው ማን እንደነበረ እናገራለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ከጫፍ እስከ ታች ይሰማል። ለአንድ ቀን እንኳ ለእውነት ይዋል።

ስሜን ልጽፍ ስል አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። ይህን ያህል እየዘገየሁ ጽፌም አንድ ውሸት ሾልካለች። መኪናዋ ዘይት አላንጠባጠበችም። አንድም ጠብታ። ሞተሩ እንደ ሕፃን ልጅ ጤነኛ ነበር። ጤነኛ ሞተር የሚፈታ መካኒክ እብድ ነው ትል አልነበር? ጋራዡ ጭር ብሎብኝ ነው። «አይሆንም» የሚለኝ ሰው አጥቼ፣ እጅህ የነካውን ነገር ማየት አምሮኝ ነው የፈታሁት።

ያንተው፣
ክላክስ